የጉሮሮዬን ፎቶ ገበያ ይዤ የወጣሁ ዕለት

ይህ ነገር የጀመረው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። ያለቀው ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ነው። አለቀ የምለው እኔ ነኝ እንጂ ሽማግሎቹ አላለቀም ይላሉ። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ዳገት ስወጣ ፉጨት ያወጣል። ያን ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ነገሩ ይመጣብኛል። ስለዚህ አልረሳሁትም። ልርሳውም አልልም።

የምኖረው ከብልባላ ወጣ ብሎ ነው፤ አራሽ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከስሜ በቀር ብዙም ጽፌ አላውቅም። አሁን ሌላ መናገሪያ ስለሌለኝ እጄ ለመደ።

አምና በሬዎቼን ስጠራ ድምፄ ይሰበር ጀመር። ብርድ ነው አልሁ። ቆይቶ እንጀራው ሲወርድ ይቧጥጠኝ ጀመር። ልጄ ታደለች ላሊበላ ሆቴል ቤት ትሠራለች፤ በስልክ ስትሰማኝ ደነገጠችና ሆስፒታል ካልመጡ አለችኝ። እኔ ግን ግዛው ዘንድ ሄድሁ።

ግዛውን የብልባላ ገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቁርበት አንጥፎ ሥራሥርና ቅጠል ይሸጣል፤ ሰዉ ሐኪም ግዛው ይለዋል። አንገቴን በጣቱ እየዳሰሰ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ አብልተውሃል አለኝ። ማን አልሁት። ስም አልጠራም፤ ግን ድንበርህን የሚገፋ ሰው ነው፣ በጽዋ ነው የሰጠህ አለኝ።

ድንበሬን የሚገፋ ሰው ከጎረቤቴ ከምስጋናው በቀር የለም። አንዲት ድንጋይ እሱ ወደኔ ሲገፋ፣ እኔ ወደሱ ስመልስ አርጅተናል። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል፤ ግዛውም ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ግዛውም ያውቃል ብዬ አላሰብሁም።

ከምስጋናው ጋር ደግሞ የአንድ ሰንበቴ ማኅበርተኞች ነን። ተራው የሱ በነበረ እሑድ ሚስቱ እንይሽ ጠላ ቀድታልን ነበር። በኛ አገር ቀጂዋ መጀመሪያ ከጠላው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ንጹሕ ነው፣ ጠጡ ማለቷ ነው። እንይሽ ለሌላው ቀምሳ ሰጠች፤ ለኔ ስትቀዳ ግን አልቀመሰችም ብዬ አሰብሁ። አስቤ አስቤ እርግጠኛ ሆንሁ።

ግዛው የሚያስመልስ ነገር አጠጣኝና ቅል ደገነልኝ። አስመለስሁ። በስንጥር ቆስቁሶ ጠጉር የተጠቀለለበት ጥቁር ነገር ከቅሉ አወጣ። ይኸው ያበሉህ አለኝ። ቅሉን ያመጣው እሱ ነው፤ ውስጡን ቀድሜ አላየሁም።

ከዚያ ቅጠል ሰጠኝና ሲሸኘኝ እንዲህ አለ።

“የቀረው በዚህ ይሟሟል። ብቻ መርፌ እንዳይነካህ። ያንተ በሽታ መርፌ አይወድም፤ የተወጋህ ዕለት ትሞታለህ።”

ክረምቱን ሙሉ ያን መራራ ቅጠል ጠጣሁ። አንገቴን በጋለ ብረት ተኮሰኝ፤ እሱንም ቻልሁት። ታደለች በደወለች ቁጥር መርፌ አይወድም ተብያለሁ እላታለሁ። ታለቅሳለች፤ ስልኩን እዘጋባታለሁ።

ሐሳቤ ሁሉ ምስጋናው ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሰንበቴ እንይሽ ጽዋ ስትሰጠኝ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ መሬት ላይ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ መናገር አላስፈለገኝም፤ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። ልጃቸው ለጋብቻ ተጠይቃ ነበር፤ የወንዱ ቤተሰቦች ከመርዘኛ ቤት አንጋባም ብለው ቀሩ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ምስጋናው ደጄ ድረስ መጥቶ ምን አድርጌህ ነው አለኝ። ጠመንጃዬን እስካወርድ እዚያው ቁም አልሁት። ድምፄ ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ አልሰማኝም፤ ዝም ብሎ መልሴን ሲጠብቅ ቆመ። ሌላ ጎረቤት አይቶ እየጎተተ ወሰደው። እኔም ቆይ አልሁ። ሳልሞት እበቀለዋለሁ፤ ግን አገር ካሳው አበደ እንዳይለኝ ማስረጃ ያስፈልገኛል አልሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ውኃ እንኳ አልወርድ አለኝ። ታደለች ከባሏ ጋር መጥታ ላሊበላ ወሰደችኝ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ጻፈልኝ፤ አንገትን ከውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ማሽን አለ አለን። እሺ ያልሁት ለዚህ ብቻ ነው። መርዙ ፎቶ ይነሣልኝ፣ ምስጋናው ይጋለጥልኝ፣ ከዚያ መርፌው ይግደለኝ አልሁ።

ጋሸና መኪናው ለምሳ ቆመ። ሰዉ ጥብስ ይበላል፤ እኔ ወተት ልጠጣ ብል በአፍንጫዬ ተመለሰ። ሹፌሩ የወረባቦ ሰው ነው፤ ፊቴን በራሱ ሽርጥ ጠረገልኝና አብሽር አባቴ፣ ትድናለህ አለኝ። መዳን አልነበረም የፈለግሁት። ለሱ ግን ራሴን ነቀነቅሁለት።

ባሕር ዳር ማሽኑ ላይ ሊያስተኙኝ ሲሉ መርፌ አመጡ። ፎቶው ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጥ ነው አሉኝ። ታደለች እጄን ያዘች። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ክንዴን ሰጠሁ። ሰውነቴን ሙቀት ወረረው፤ አሁን ወጣች ነፍሴ አልሁ። ማሽኑ ዞረ፣ ቆመ። ተነሡ አሉኝ። ተነሣሁ።

አልሞትሁም። ጫማዬን እያደረግሁ ሳለ ግዛው ትዝ አለኝ፤ እንግዲህ አንዱ ነገር ውሸት ነው አልሁ።

ፎቶውን ያሳየችኝ ዶክተር ሕይወት የምትባል ወጣት ሴት ናት። ማሽኑ አንገቴን እንደ ሽንኩርት ከታትፎ፣ ስስ ስሱን እያገላበጠ በቴሌቪዥን አሳየኝ። መሀሉ ላይ እብጠት አለ። መርዙ የቱ ጋ ነው አልኋት በሹክሹክታ።

“መርዝ የለም አባቴ። የጉሮሮ ካንሰር ነው።”

ከዚያ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ የምትሠራውን ነገረችኝ። በሰውነታችን ውስጥ ሥጋው እንዴት እንደሚያድግ የሚያዝ ዘረመል የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ሲበላሽ ሥጋው ያለ ልክ ያድጋል፤ ካንሰር ማለት ይኸ ነው አለች። ብልሽቱ ዓይነት ዓይነት አለው። አንዱ በጨረር ይጠፋል፤ አንዱ ጨረሩን ይቋቋማል። ይህን ለማወቅ ሥጋው ተቆርጦ፣ ሩቅ ተልኮ መመርመር አለበት። እነሷ ደግሞ ከፎቶው ብቻ ኮምፒውተሩ እንዲገምተው እያስተማሩት ነው። ዓይን የማያየውን የጥቁረቱንና የንጣቱን አኳኋን አይቶ፣ የዚህ እብጠት ዘረመል እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

እኔ ማሳ ከሩቅ አይቼ፣ ገና ሳያሸት፣ ምን ዘር እንደተዘራበት አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው አልኋት። እንደዚያ ነው፤ ብቻ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ሥጋውንም እናስመረምራለን አለች። ፎቶዬን ለጥናታቸው እንድፈቅድም ጠየቀችኝ።

“እስከ ዘሬ ድረስ ካወቀ፣ ማን እንዳደረገብኝም ይንገረኝ” አልኋት።

“ማንም አላደረገብዎትም። በአንድ ጽዋ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ስንት ጊዜ ወስዶ ነው ያደገው።”

አላመንኋትም። ግን ፎቶውን ፈቀድሁላት። ከጉሮሮዬም ቆንጥረው ወሰዱ። በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡልኝ፤ በሱ እየተመገብሁ ውጤቱ እስኪመጣ በአማቼ ዘመዶች ቤት ተቀመጥሁ። ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ እንይሽ መዳፍ ነበር። ቀምሳለች? አልቀመሰችም?

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተሯ ኮምፒውተሩ ልክ ነበር አለችኝ። ከፎቶው ላይ ይህ በጨረር የሚጠፋው ዓይነት ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ሥጋው ሲመረመርም ያው ሆነ። ደስ አለኝ። እንግዲያውስ በጨረር አጥፉልኝ አልኋት።

ከዚያ ፎቶውን እንደገና አመጣችና በጣቷ አሳየችኝ። እብጠቱ የማንቁርቴን ልም አጥንት በልቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። እዚህ ከደረሰ ጨረር ብቻውን አይበቃም፤ ማንቁርቱ ይወጣል፣ ድምፄም አብሮ ይወጣል አለችኝ።

“ትንሽ የነበረው መቼ ነው?” አልኋት።

መናገር አልፈለገችም። አጥብቄ ጠየቅኋት።

“ድምፅዎ መሻከር ሲጀምር። እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም። ግን ይህ ዓይነቱ፣ ከክረምት በፊት ቢሆን ኖሮ፣ በጨረር ብቻ ሊጠፋ ይችል ነበር። ድምፅዎም ይተርፍ ነበር።”

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስጋናው ከሐሳቤ ወጣ። ቦታውን ግዛው ያዘው። እብጠቱ ገር ነበር። ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ብሄድ እሺ ብሎ ሊጠፋልኝ ነበር። እኔ ቅጠል ስጠጣ፣ በብረት ስተኮስ፣ መርፌ ስፈራ ያን ጊዜዬን የበላብኝ ሰው ነው። በሽታን ምን ይሉታል? ሰው ግን አድራሻ አለው።

ማንቁርቴን ሊያወጡ ሲሉ ታደለች የመጨረሻ ድምፄን ለምርቃት እንዳውልላት ፈለገች። መረቅኋት። ትንፋሽ ተርፎኝ ስለነበር ወደ ዶክተሯ ዞርሁና፣ እናንተ ከተማራችሁበት እኔም የራሴን ልያዝ፣ ፎቶውን ስጪኝ አልኋት። በድምፄ የተናገርሁት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። በትልልቁ ጥቁር ላስቲክ ላይ አውጥታ ሰጠችኝ።

ለገና አገሬ ገባሁ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ፎቶውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ብልባላ ወጣሁ። ግዛው ቁርበቱን አንጥፏል። ከፊት ለፊቱ ሄጄ ሁለት እንጨት ተከልሁና ፎቶውን ፀሐይ ከኋላው እንዲያበራበት አድርጌ ወጠርሁት። ከዚያ የአንገቴን ሻሽ ፈትቼ ተቀመጥሁ።

ሰው ከበበኝ። ቀዳዳዬን ያያሉ፣ ፎቶውን ያያሉ፣ ምንድን ነው ይላሉ። በጣቴ ግዛውን አሳያለሁ። አልገባቸውም። ለካ ድምፅ የሌለው ሰው መበቀልም ይቸግረዋል።

ግዛው ግን ገባው። ከቁርበቱ ሳይነሣ ለሰዉ ተናገረ።

“እኔ መርፌ እንዳይነካህ ብዬው ነበር። ይኸው ተነካና ድምፁ ጠፋ።”

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ ብሎት ነበር፣ እሱ ነው እንቢ ያለ ይባባላል። ባሕር ዳር የተውሁት ድምፅ ያን ጊዜ አንገበገበኝ።

በሰዉ መሀል አንድ ሰው እየገፋ መጣ። ምስጋናው ነው። ታደለች ቤቱ ሄዳ መርዝ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነግራው ኖሯል። ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየው፤ ከዚያ አንገቴን አየው።

“ካሳው፣ አልወድህም” አለኝ።

እኔም አልወድህም ለማለት በጣቴ እሱንም ራሴንም አሳየሁት። ገባው።

“ግን ልጄን ቤት ያስቀራት ይኸ ሰውዬ ነው። እኔ ላናግርልህ።”

ጎኔ ቆመና ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። ይኸ የካሳው ጉሮሮ ነው። ማሽን ያነሣው ነው። ይኸ ነጩ እብጠቱ ነው። ይኸን ያየች ሐኪም፣ ከክረምት በፊት ቢመጣ ድምፁን ሳይነኩ በጨረር ይጠፋለት ነበር ብላለች። ክረምቱን የት ነበር? ሐኪም ግዛው ዘንድ ነበር። ከዚያ ወደ ግዛው ዞረ።

“ከሆዱ ያወጣኸው ጠጉር የማን ነው? የኔ እንዳትል እኔ ይኸው።” ባርኔጣውን አወለቀ። ምስጋናው ከወጣትነቱ ጀምሮ መላጣ ነው።

ገበያው ሳቀ። ግዛው አልሳቀም።

በዚያ መሀል አንዲት ሴት ወጣች። ልጇን አዝላለች፤ ያዘለችው ልጅ አንገቱ በአንድ ጎን አብጧል። ከግዛው ቅጠል እየወሰደች መሆኗን ሰዉ ያውቃል። ጉልበቴ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

“አያ ካሳው፣ ስለ እመቤታችን ይንገሩኝ። ጤና ጣቢያ ልውሰደው?”

ራሴን ነቀነቅሁላት። ወደ ቁርበቱ እንኳ ዞር ሳትል ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ወጣች። ሰዉ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቱ የገዙትን ቅጠል መልሰው ቁርበቱ ላይ አስቀመጡ።

እኔና ምስጋናው በየገበያው ቀን መጣን። አብረን አንመጣም፤ እሱ በሱ መንገድ፣ እኔ በኔ። እኔ እወጥራለሁ፣ እሱ ይናገራል። ሲጨርስ ሳንሰነባበት እንለያያለን። ግዛው ቦታ ቀየረ፤ ተከተልነው። በመጨረሻ ቁርበቱ ጠፋ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሽማግሎች ግቢዬ ገቡ። የነፍስ አባቴም አሉበት። ከኋላቸው ግዛው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆሟል። በኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ይመጣል፤ የተበደለው ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ እስኪለው ድረስ ድንጋዩን አያወርድም። ምስጋናው አጥሬን ተደግፎ ይመለከታል።

የነፍስ አባቴ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ፣ በል ካሳው ቃል ስጠን አሉኝ።

ሁሉም ጠበቁ። ቀዳዳዬ ብቻ ፉ ይላል። ያን ጊዜ ነው ምን እንደጠየቁኝ የገባቸው። አውርድ የሚለውን ቃል ከየት አምጥቼ ልስጣቸው? ያን ቃል ያሳጣኝ እሱ አይደለም ወይ?

አንዱ ሽማግሌ በራስህ ነቅንቅልን አለኝ። አንገቴን አቀናሁ እንጂ አልነቀነቅሁም። ሌላው ካሳው እኮ ይጽፋል፣ ወረቀት አምጡ አለ። አመጡ። ይቅር ብለህ ጻፍልን፣ ሦስት ፊደል ናት አሉኝ። እስክሪብቶውን ያዝሁ። ግዛው በጎን አየኝ፤ ላቡ ከድንጋዩ ሥር ይወርዳል።

“አያ ካሳው፣ እኔም አምኜበት ነው። ያዳንሁህ መስሎኝ ነው” አለኝ።

ያ ቅል ትዝ አለኝ። ጻፍሁና ለነፍስ አባቴ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ጮክ ብለው አነበቡት፤ ጠጉሩን ቅሉ ውስጥ ማን ከተተው ይላል።

ሽማግሎቹ ወደ ግዛው ዞሩ። አንዱ መልስ እንጂ አለው። መሬት መሬት አየ። ፀሐይዋ ከዋርካው በላይ እስክትወጣ እንደዚያው ቆመ፤ ከዚያ ማንም ሳይለው ድንጋዩን ራሱ አወረደና ወጣ። ራሱ ያወረደ ሰው ይቅር አልተባለም። ይህንም አገር ያውቃል። አሁን ወደ ቆላ ወርዷል ይላሉ።

የምስጋናው ልጅ በየካቲት ተዳረች፤ የቀሩት ሰዎች ራሳቸው ተመልሰው መጡ። ጠርተውኝ ሄድሁ። እንይሽ ለኔ ስትቀዳ በመዳፏ አድርጋ ቀመሰች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ደግማ ቀመሰች። ጠጣሁ። ከምስጋናው ጋር ግን አልታረቅንም። በዚህ እርሻ ያችን ድንጋይ እንደገና ወደኔ ገፍቷል፤ እኔም መልሻለሁ።

ዶክተር ሕይወት ለታደለች ደውላ፣ የአባትሽ ፎቶ ኮምፒውተሩን አስተምሮልናል፣ ቶሎ የመጣ ሌላ ሰው በጨረር ብቻ ድምፁ ተርፎለታል ብላታለች። ደስ ብሎኛል። ያ ሰው ይናገርበት። ቂሜን ግን አልቀነሰልኝም።

የነፍስ አባቴ ቂም ይዘህ ጾምህ አይቆጠርልህም ይሉኛል። አይቆጠር። ይቅር ብዬ እንድጽፍበት ወረቀት አሁንም ቆጥ ላይ አስቀምጠውልኛል፣ እስክሪብቶውም አብሮ አለ። ይኸን ሁሉ የጻፍሁት በዚያው እስክሪብቶ ነው። ያችን ሦስት ፊደል ግን እዚህ የጻፍኋት ምን ጻፍ እንዳሉኝ እንድታውቁት ብቻ ነው። ለሱ አይደለም።